የእሳት ዕዳ

ክብሪት በየገጠሩ ቤት ሳይገባ በፊት፣ ሌሊቱን ያዳፈነችው ረመጥ ጠፍቶ ያደረባት ሴት ማለዳ ተነሥታ፣ ገል ወይም ቁራሽ ኩበት ይዛ፣ እሳት ለመጫር ወደ ጎረቤት ትሄድ ነበር። ጎረቤቲቱም ያለ ዋስና ያለ ቀጠሮ ከምድጃዋ ፍም ታካፍላታለች። ሰጪዋ አልጎደለባትም፤ ተቀባይዋ ግን ሞላላት። ሲያካፍሉት የማይቀንስ ሀብት ቢፈለግ ከዕውቀት ቀጥሎ የሚገኘው እሳት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ የልግስና ሥዕል ውስጥ አንድ የተሰወረ ጉዳይ አለ። ፍሙ አይቀንስም፤ ፍሙን የሚያኖረው ማገዶ ግን ይቀንሳል። እሳት ለመወለድ የጎረቤት ፍም ይበቃዋል፤ ለመኖር ግን የሌላውን አካል መብላት አለበት። ዛፉ ግንዱን፣ ከብቱ ኩበቱን፣ ምድርም በሆዷ የቀበረችውን ከሰልና ዘይት ትሰጣለች። እንግዲህ እሳት ሁሉ ከአንድ ወገን የተወሰደ ነው። በጥንታዊው የግሪክ ተውኔት ፕሮሜቴዎስ እሳትን ከአማልክት ሰርቆ ለሰው ልጅ በማውረዱ ከዐለት ጋር ተቸንክሮ ይሠቃያል፤ ተመልካቹም ስለ ሰጪው ያለቅሳል። እሳቱን የተቀበለው የሰው ልጅ በበኩሉ ምን ዕዳ እንዳለበት ግን ታሪኩ አጥብቆ አይጠይቅም። ይህ በእንጥልጥል የቀረ ጥያቄ ዛሬ፣ ሳይንስ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያንን ነዳጅና ኃይል እንዲያመርቱ ባሰለፈበት ዘመን፣ በአዲስ መልክ ተነሥቷል። እሳት ያለ ዕዳ ሊገኝ ይችላልን?

የጥያቄው ክብደት የሚታወቀው በምድጃው አጠገብ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ደኑ ከተመናመነ ወዲህ በብዙ ገበሬ ቤት ማገዶ ማለት ኩበት ማለት ሆኗል። ሴቶችና ልጆች እበቱን ከበረት ይዝቃሉ፤ ይጠፈጥፋሉ፤ በፀሐይ ያደርቃሉ፤ ለክረምቱም ይከምራሉ። ያ እበት በማሳ ላይ ቢወድቅ ኖሮ ፍግ ሆኖ ለገብሱና ለስንዴው ምግብ በሆነ ነበር። በምድጃ ሲነድ ግን አፈሩን የሚያፋፋው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበናል። ከብቱ የጋጠው ሣር ከምድሪቱ ተወስዶ ሳይመለስላት ይቀራል። ይህም ማለት የዛሬው እራት የሚበስለው በከርሞው አዝመራ ነው። ከጭሱም የሚተርፍ አለ፤ እርሱ ደግሞ ወደ እናቲቱ ዓይንና በጀርባዋ ወዳዘለችው ሕፃን ሳንባ ይገባል።

በከተማውም ዳር ሌላው ትዕይንት ይታያል። ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎብጠው፣ ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሴቶች የብዙ ትውልድ ትዝታ ናቸው። ሸክማቸው ከ30 ኪሎ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የከተማው ሰው ትኩስ እንጀራ ሲቆርስ የዕዳውን ከፋይ አያያትም። እሳቱ ወደ እርሱ የደረሰው ጀርባዋን አልፎ ነውና።

በዓይን የማይታዩት ሠራተኞች የሚገቡት በዚህ ስፍራ ነው። ለኢትዮጵያ ቤት ግን እንግዶች አይደሉም። ሊጥ ሲቦካ፣ ጥንስሱ ሲፈላ፣ ጠጁ በጋኑ ውስጥ ሲንተከተክ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ባለሙያዋ ስማቸውን ሳታውቅ ጠባያቸውን ጠንቅቃ ታውቃለች። ከአሮጌው ሊጥ ለአዲሱ እርሾ ታስቀራለች፤ ጌሾውን በልክ ትጨምራለች፤ ጋኑን በጢስ ታጥናለች፤ ብርድ ሲሆን ታለብሰዋለች። የዳግም አረቄ ጥንካሬ እሳት ሲያስነኩት በሰማያዊ ነበልባል በመንደዱ ይታወቃል። ስለዚህ ከእህል ውስጥ እሳት የማውጣት ጥበብ ለዚህ አገር ሴቶች አዲስ ትምህርት አይደለም። ልዩነቱ ያ እሳት በጉሮሮ ሲወርድ እንጂ በምድጃ ሲነድ አለመታየቱ ነው።

የተማረው ዓለም ወደዚሁ ምሥጢር የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በማጆሬ ሐይቅ ዳር የረግረጉን ጭቃ በበትር እየቀሰቀሰ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ ሲለኩሰው ነደደ። ዛሬ ሜቴን ተብሎ የሚታወቀው ጋዝ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር መብላላትና መፍላት የሕያዋን ሥራ መሆኑን አስረዳ፤ ያለ አየር መኖር የሚችሉ ተሕዋስያን መኖራቸውንም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ አሜሪካውያኑ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ ሜቴን አመንጪዎቹ ረቂቃን ከባክቴሪያ ወገን እንዳልሆኑና ራሱን የቻለ ጥንታዊ የሕይወት ዘር እንደሆኑ ገለጡ። በላም ሆድ፣ በረግረግ ጭቃ፣ በሩዝ ማሳ ሥር የሚኖሩት እነዚህ ፍጥረታት አየር ባለበት አይኖሩም። ለእነርሱ የሰው ልጅ እስትንፋስ መርዝ ነው።

የባዮጋዝ ጉድጓድ የሚሠራው ይህንኑ የላም ሆድ በድንጋይና በሲሚንቶ በመቅዳት ነው። እበት ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ተበጥብጦ አየር ወደማይገባበት፣ ከምድር በታች ወደ ተሠራ ጉልላት ይገባል። በዚያ የሥራ ክፍፍል አለ። አንዱ ወገን የሣሩን ርዝራዥ ይሰባብራል፤ ሁለተኛው የተሰባበረውን ወደ አሲድ ይለውጣል፤ ሌላው አሲዱን ያቀልላል፤ የመጨረሻው ከዚያ ሜቴንን ያወጣል። አንዱ የጣለውን ሌላው ይበላዋል፤ አንዱ ወገን ቢያንቀላፋ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም። ጋዙ በቧንቧ ወደ ማድቤት ሄዶ ጭስ በሌለው ሰማያዊ ነበልባል ይነዳል። ከሁሉም በላይ ግን፣ በጉድጓዱ ሌላኛ አፍ የሚወጣው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን፣ ፎስፈረሱንና ፖታሲየሙን እንደያዘ ነው። እሳቱ ድርሻውን ይወስዳል፤ ምድርም ድርሻዋን ታገኛለች። ለዘመናት ሲጣሉ የኖሩት ምድጃና ማሳ በዚህ ጉድጓድ ይታረቃሉ።

ይህ ዕርቅ ትንሽ ነገር አይደለም። የሰው ልጅ በእሳት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ባይሆን እንኳ እምብዛም ባልተለመደ ሁኔታ፣ የወሰደውን እየመለሰ ሊያበስል የሚችልበት መንገድ ነው። ታዲያ ጉዳዩ እዚህ ላይ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ሲሚንቶ ማቅረብ ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን ጉድጓዱ ዕዳን የማቅለል ችሎታ አለው እንጂ ዕዳን የማከፋፈል ፍርድ የለውም። ይህም በኢትዮጵያ በተደረገው ሙከራ በግልጽ ታይቷል።

ባዮጋዝ ወደ አገሪቱ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያም ለግማሽ ምዕተ ዓመት እዚህና እዚያ ሲሞከር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ ፕሮግራም ተቋቋመለት። የኔፓልን ንድፍ ከአገሩ ሁኔታ ጋር በማስማማት የተዘጋጀው ጉድጓድ «ስንዱ» የሚል ስም ወጣለት። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በመጀመሪያው አምስት ዓመት 14 ሺህ ጉድጓድ ለመሥራት ታቅዶ የተሠራው 8 ሺህ ያህል ነው። በተሠሩትም ውስጥ ሥራቸውን ያቆሙ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ጉድጓዱ በየቀኑ እበት ብቻ ሳይሆን ውሃም ይጠጣል። ውሃውን ከሩቅ ምንጭ የምትቀዳው ደግሞ ያቺው እንጨት ትለቅም የነበረችው ሴት ናት። እንጨቱ ከጀርባዋ ወርዶ እንስራው ከተጫነባት ሸክሟ ስም ለወጠ እንጂ አልቀለለም። ሰማያዊው ነበልባል ለወጥና ለቡና አመቺ ነው፤ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ እኩል ለማጋል ግን ይቸገራል። በኢትዮጵያ ቤት ደግሞ አብላጫውን ማገዶ የሚበላው ይኸው ምጣድ ነው። እንግዲህ የሌላ አገር ምድጃ የሌላ አገር እንጀራ ይጋግራል ማለት ነው። ጥበብ ከሕዝብ ማዕድ ጋር ካልተመካከረች በደጅ ትቀራለች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የከብቱ ነገር ነው። ጉድጓዱ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ቢያንስ የአራት ከብት እበት ያስፈልገዋል። አራት ከብት ያለው ገበሬ ደግሞ በመንደሩ ከድሆች ወገን አይቆጠርም። አንዲት ላም ብቻ ያላት ወይም ጭራሹን የሌላት መበለት ከዚህ በረከት ምን ታገኛለች? የቀድሞው ሥርዓት ለእርሷ አንድ ነገር ይተውላት ነበር፤ ከግጦሽ ሜዳ የወደቀ እበት ለለቀመው ነው። እበቱ ዋጋ ያለው ነዳጅ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን ባለቤት ያገኛል፤ በረቱ ይታጠራል፤ ሜዳውም ይጠበቃል። ለባለ አራቱ ብርሃን የሆነው ግኝት ለባዶ እጇ ጨለማ ሊሆን የሚችለው በዚህ አኳኋን ነው። በዚህ ላይ ተሕዋስያኑ አይወቀሱም። እነርሱ የባለጸጋውን እበት ከመበለቲቱ እበት አይለዩም። መለየት የሰው ሥራ ነው።

ተሕዋስያኑ ምን እንደሚበሉ እንደማይመርጡ ሁሉ ለምን እንደሚሠሩም አይጠይቁም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ለመድፍና ለጠመንጃ ባሩድ መሥሪያ አሴቶን የተባለ ፈሳሽ አነሳት። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኬሚስት ካይም ቫይዝማን፣ ኋላ የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው፣ ስታርችን በልቶ አሴቶንና ቡታኖል የሚሰጥ ባክቴሪያ አግኝቶ ነበር። ሥራው በበቆሎ ተጀመረ። የጀርመን የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እህል ጫኝ መርከቦችን ማስጠም ሲያበዙና የሕዝቡ ዳቦ ሲያሳስብ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የአገሪቱ ልጆች ከየዛፉ ሥር ለሰው ምግብ የማይሆነውን የፈረስ ደረት ነት የሚባለውን ፍሬ እንዲለቅሙ ታዘዙ። ልጆቹ ፍሬውን በከረጢት አጨቁ፤ ለምን እንደሚፈለግ ግን በግልጽ አልተነገራቸውም።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው፣ በጦርነት መካከል እንኳ አንድ መንግሥት እህል ከገበታ ወደ በርሜል ሲሄድ ገደብ ሊኖረው እንደሚገባ መገንዘቡ ነው። ሁለተኛው ግን መራራ ነው። ከንጹሕ ሕፃን እጅ የወጣ ፍሬ፣ ንጹሕ በሆነ ተሕዋስ ሆድ አልፎ፣ ሌላ አገር ያለ የሌላ ሕፃን አባት የሚወድቅበት ባሩድ ሆነ። በመካከል ያሉት ሁሉ ንጹሐን ነበሩ፤ ውጤቱ ግን ንጹሕ አልነበረም። እንግዲህ አንድ ኃይል «ተፈጥሯዊ» ወይም «ታዳሽ» መባሉ ብቻ ከኅሊና ምርመራ ነጻ አያወጣውም።

የበርሜሉና የገበታው ግጭት በሰላሙም ዘመን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር ብራዚል ክፉኛ ተጎዳች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል አምርቶ መኪና የማንቀሳቀስ ታላቅ ብሔራዊ ዕቅድ አወጣች። እርሾ የአገዳውን ስኳር ወደ ኤታኖል ለወጠ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዚያች አገር ከሚሸጡት አዳዲስ መኪናዎች አብዛኞቹ በአልኮል የሚሄዱ ሆኑ። ድሀ ከሚባለው ዓለም የተነሣች አገር የዘይት ጌቶችን ደጅ ከመጥናት በራሷ ብልሃት ልትድን መሞከሯ የሚያስመሰግን ነው። ይሁንና በአገዳው ማሳ ውስጥ በቀን ሥራ የሚያገለግሉት ድሆች በብራዚላውያን ዘንድ «ቦያ ፍሪያ» ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ትርጉሙም ቀዝቃዛ ምሳ ማለት ነው። ከቤታቸው በሌሊት ይዘውት የወጡትን ምግብ ማሞቂያ ስለሌላቸው በማሳው ዳር እንደቀዘቀዘ ይበሉታልና። ለአገር ሁሉ እሳት የሚሆነውን አገዳ የሚቆርጠው ሰው የራሱን ምሳ የሚያሞቅበት እሳት አልነበረውም። አንድ ፈላስፋ በብዙ ገጽ የሚጽፈውን የፍትሕ ጥያቄ ይህ የቅጽል ስም በሁለት ቃል ይዞታል።

በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ ከሚመረተው በቆሎ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወደ ኤታኖል ፋብሪካ የሚሄድበት ዘመን ደረሰ። በእርግጥ ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል የከብት መኖ ሆኖ ይመለሳል። ቢሆንም ፍላጎቱ ሲያድግ የበቆሎ ዋጋ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ሳይሆን ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007 መባቻ፣ በሜክሲኮ ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የዕለት እንጀራቸው የሆነው የበቆሎ ቂጣ ዋጋ ስለናረባቸው አደባባይ ወጡ። የዋጋው መናር ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም፤ የነጋዴዎች ክምችትም ድርሻ እንዳለው ተነግሯል። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የምግብ መብት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ዣን ዚግለር፣ የምግብ እህልን ወደ ነዳጅ መለወጥ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲሉ ተናገሩ፤ ለአምስት ዓመትም እንዲታገድ ጠየቁ። አመድ በዱቄት ይስቃል የሚለው የአበው ተረት በዓለም ገበያ ላይ የተተረተ መሰለ። ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ዱቄቱ ራሱ አመድ እንዲሆን መታዘዙ ነው።

ለዚህ ክስ መልስ የሚሰጡ ወገኖች አሉ፤ መልሳቸውም ሊደመጥ ይገባል። ረሀብ በዓለም ላይ የእህል እጥረት ልጅ አይደለም፤ የመግዣ አቅም ማጣት ልጅ ነው ይላሉ። በርሜሉ ባይኖርም እህሉ ወደ ተራበው አፍ በራሱ እግር አይሄድም ነበር። ደግሞም ከምድር የሚቀዳው ዘይት የራሱ ደም አለው፤ ጦርነት ተነሥቶበታል፤ ጭሱም የዓለሙን አየር እያሞቀ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ነድቶ የማያውቀውን የአርብቶ አደር ሰማይ ዝናብ ነሥቶታል። ታዲያ ከዚህ ክፉ ለመውጣት የተወሰነ እህል መሠዋት ተገቢ አይሆንምን? ክርክሩ ብርቱ ነው። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። መሥዋዕት የሚባለው የራስን ሲሰጡ ነው። መኪናውን የሚነዳው ሰው በቂጣ ገዢዋ ሴት መሶብ ሲሠዋ ሌላ ስም ይፈለግለታል። እህሉ ቀድሞም ወደ ተራበው አይሄድም ነበር ማለትም አንዱን በደል በሌላ በደል ማጽደቅ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ደግሞ መካከለኛ መንገድ የሚመስል አለ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ይሸጥ ጀመር፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኤታኖሉ የሚመረተው ከእህል ሳይሆን ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ሞላሰስ ነው። እርሾው የሚበላው ፍርፋሪ ነው እንጂ እንጀራውን አይደለም። በሌላው ዓለምም ተመራማሪዎች ገለባንና የእንጨት ፍቅፋቂን ወደ ነዳጅ የሚለውጡ ተሕዋስያንን ለማሠልጠን ብዙ ደክመዋል። መርሑ ያማረ ነው፤ ሰው እህሉን ይብላ፤ ተሕዋሱ ትራፊውን።

ግን ትራፊ ማለት ምንድን ነው? በባለጸጋ አገር ገለባ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ገበሬ ቤት ግን ገለባ በበጋ የበሬው ቀለብ ነው፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ የቤቱ ግድግዳ ነው፤ ተረፍ ሲልም የማሳው ልብስ ነው። ሞላሰስም ቢሆን ከብት ይቀለብበታል። ከተማው እጅግ አድርጎ የጣለው ነገር እንኳ ባለቤት አለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙ ሰው ከዚያ ክምር ጥግ ቤት ሠርቶ፣ ከዚያው ክምር ላስቲክና ብረት እየለቀመ ይኖር እንደነበር አገር ሁሉ አየ። በእንዲህ ያለው ክምር ሆድ ውስጥ ሜቴን አመንጪዎቹ ረቂቃን ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ይኖራሉ፤ ከላዩ ደግሞ ሰዎች ይሠራሉ። ሁለቱም ከከተማው ጥራጊ ይመገባሉ፤ ሁለቱም በከተማው ሰው ዓይን አይታዩም። ለድሀ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «ትራፊውን ለተሕዋሱ» የሚለው ውብ መርሕ እንኳ፣ ትራፊው የማን ቀለብ እንደነበር ሳይጠየቅ ከተፈጸመ፣ ከድሀው እጅ መንጠቅ ይሆናል።

እንዲህ ከሆነ መፍትሔው እሳትን መተው ነውን? አይደለም። የሚነድ ነገር ሁሉ ዕዳ ያለበት መሆኑ ታውቆ፣ የአከፋፈሉ ተራ እንዲበጅ ነው። ተራውም ከገበታ ሥርዓት የራቀ አይሆንም። በደህና ቤት እንግዳና ሕፃን ሳይቀርብላቸው ሌላው እጁን አይሰድም። እንደዚሁ የምድር ፍሬ መጀመሪያ ለተራበው አፍ፣ ቀጥሎ ላበቀለው አፈርና ለሚያርሰው በሬ፣ ከዚያም ለምድጃ፣ በመጨረሻ ለሞተር ሊሆን ይገባል። ይህ ተራ ሲጠበቅ እርሾውም ሜቴን አመንጪውም የሰው ልጅ ወዳጆች ናቸው። ተራው ሲገለበጥ ግን ያው እርሾ የተራበውን ሰው መሶብ ያራቁታል፤ ጥፋቱም የእርሾው አይደለም።

ተራው እንዲጠበቅ ደግሞ ገበያው በራሱ አይበቃም። ገበያ የሚሰማው የከፋዩን ድምፅ ነው። አፈር ድምፅ የለውም፤ ከርሞ የሚወለድ ልጅ ድምፅ የለውም፤ ኩበት ለቃሚዋም ድምፅዋ እስከ ገበያው አይደርስም። ስለእነዚህ ድምፅ አልባዎች የሚናገር ሕግ፣ የሚቆጭ ኅሊና፣ የሚመክር ማኅበር ያስፈልጋል። ባለ አራት ከብቱ ለብቻው ከሚሠራው ጉድጓድ ይልቅ አንዲት ላም ያላቸው ጎረቤታሞች ባንድነት የሚሠሩት የጋራ ጉድጓድ ምናልባት ለመቆፈር ይቀልላል፤ ለማስተዳደር ግን ይከብዳል። የማን እበት ስንት እንደሆነ፣ የማን ምሳ ቀድሞ እንደሚበስል መነጋገር ይጠይቃልና። ይህን ንግግር ተሕዋስያኑ ሊያደርጉት አይችሉም። የጉድጓዱ ሥራ ግማሹ የእነርሱ ነው፤ ቀሪው ግማሽ የሰዎች ነው፤ እስከ ዛሬ የጎደለውም ይኸኛው ግማሽ ነው።

እሳት ለመጫር የመጣችው ጎረቤት ፍሟን በገል ይዛ ስትመለስ በልቧ የምትይዘው አንድ ነገር ነበር፤ ነገ የእርሷ ምድጃ ሲነድና የሰጪዋ ሲጠፋ እርሷ በተራዋ ሰጪ መሆኗ። ማንም አላስፈረማትም፤ ዕዳው ግን ይታወቃል። ሳይንስ ለሰው ልጅ የጫረለት አዲሱ ፍም ከጭቃና ከእበት ውስጥ የወጣ ነው። ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው በመንገድ ላይ ሳለ፣ ከማን ምድጃ እንዳመጣውና ለማን ምድጃ እንደሚያካፍለው ያውቅ ዘንድ ይገባዋል።